የፎቶግራፍ ቃላትን የሚያስተምር የካርታ ጨዋታ፦ አሠራሩና አጨዋወቱ

ፎቶ ማንሳት የሚያስተምሩ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልናል፦ «ተማሪዎቻችን አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ)፣ ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ)፣ አይኤስኦ (የገባውን ብርሃን ማጉያ) ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ጥርት አድርገው ይመልሳሉ። ካሜራ ስንሰጣቸው ግን የቱን መንካት እንዳለባቸው ግራ ይገባቸዋል። ምን ይሻላል?» ካርታ ሥሩላቸው እንላለን። ሆኖም በአንድ ፊቱ ቃል፣ በሌላው ትርጉም የተጻፈበትን ዓይነት አይደለም፤ እሱ ሽምደዳን ብቻ ነው የሚያጠነክረው። እዚህ የምናሳያችሁ ጥቅል እያንዳንዱን ቃል በሦስት ካርታ ይከፍለዋል፦ ስሙ፣ ሥራው፣ በፎቶው ላይ የሚያመጣው ለውጥ። ሦስቱን ያላገናኘ አያሸንፍም።

ሙሉው ጥቅል 90 ካርታ ነው። 54ቱ የቃል ካርታዎች ናቸው፤ 18 ቃል እያንዳንዱ በ3። 36ቱ ደግሞ የቁጥር ካርታዎች ናቸው። ከአንድ ኤ4 ወረቀት 9 ካርታ ስለሚወጣ 10 ወረቀት ልክክ ብሎ ይበቃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 11 ኤ4 ወፍራም ወረቀት፣ 300 ግራም የሚባለው (10ሩ ለካርታው፣ 1ዱ ለመጠባበቂያ)
- አፐርቸር፣ ሸተርና አይኤስኦ በእጅ የሚስተካከልበት ካሜራ
- ትራይፖድ (ሦስት እግር ያለው የካሜራ ማቆሚያ)፣ ወይም ካሜራው የማይነቃነቅበት ጠረጴዛ
- ኮምፒውተር፣ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት (ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጥሩ ናቸው)
- የብረት ማስመሪያ፣ ስለታም መቁረጫ ምላጭ፣ ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ካርቶን
- የማዕዘን ማክበቢያ፤ ከሌለ ትንሽ መቀስ
- ለፎቶዎቹ፦ ነጭ ነጠላ፣ 5 ሲኒ፣ ጀበና፣ ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል፣ አንድ ነጭ ካርቶን

አሠራሩ

1. ቃላቱን ምረጡ።

መለኪያው አንድ ነው፦ የቃሉ ውጤት በትንሽ ፎቶ ላይ በዓይን ይታያል ወይ? ሜጋፒክስል አስፈላጊ ቃል ነው፤ ነገር ግን 63 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ካርታ ላይ የ12 እና የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ ልዩነት አይታይም፤ ስለዚህ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የምትሰጡት በአማርኛ በአንድ ቃል የምንጠቀልላቸውን ነገሮች ነው። «ፎቶው ደበዘዘ» ስንል አራት የተለያዩ ነገሮችን ልንል እንችላለን፦ ፎከሱ ሌላ ቦታ አርፏል፤ ወይም ሰውየው ተንቀሳቅሷል፤ ወይም ጥርት የሚለው ጥልቀት አጥሮ ጆሮው ጠፍቷል፤ ወይም አይኤስኦው በዝቶ ነጠብጣብ ሸፍኖታል። መፍትሔያቸው አራት ዓይነት ነው። ተማሪው አራቱን በስም ካልለየ የተሳሳተውን ቁልፍ ሲያዞር ይውላል። ፎከስ፣ ሞሽን ብለር፣ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድና ኖይዝ የግድ በጥቅሉ ውስጥ የሚገቡት ለዚህ ነው።

2. የሥራ ካርታዎቹን ጻፉ።

ከ15 ቃል አትለፉ፤ ስሙን ራሱን በማብራሪያው ውስጥ አትጥቀሱ። ስሙ ከተጠቀሰ ተጫዋቹ ሳያስብ ፊደል በፊደል ያገናኘዋል። የሚከተለውን እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ (ሴንሰር የሚባለው ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል ነው)፦

- አፐርቸር፦ በሌንሱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ስፋት። ሲከፈት ብርሃን ይበዛል፣ ጀርባው ይደበዝዛል።
- ሸተር ስፒድ፦ ሴንሰሩ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ። ሲያጥር የሚሮጠው ነገር ቆሞ ይታያል።
- አይኤስኦ፦ ሴንሰሩ ያገኘውን ብርሃን ምን ያህል አጉልቶ እንዲመዘግብ ማዘዣ።
- ኤክስፖዠር፦ ፎቶው በጠቅላላው የነጣበት ወይም የጠቆረበት መጠን።
- ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን፦ ካሜራው በራሱ የመረጠውን ንጣት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረጊያ።
- ሂስቶግራም፦ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው እንዴት እንደተከፋፈለ በተራራ መልክ የሚያሳይ ሥዕል።
- ፎከስ፦ ሌንሱ ጥርት አድርጎ የሚያሳየውን ርቀት መምረጥ።
- ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ፦ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት።
- ፎካል ሌንግዝ፦ ሌንሱ ሰፊ ወይም ጠባብ እይታ እንደሚይዝ በሚሊሜትር የሚናገር ቁጥር።
- ሞሽን ብለር፦ ብርሃን እየገባ ሳለ የተንቀሳቀሰ ነገር የሚተወው ዱካ።
- ፓኒንግ፦ ካሜራውን ከሚሄደው ነገር ጋር እኩል እያዞሩ ማንሳት።
- ኖይዝ፦ በጨለማው ክፍል አሸዋ የተረጨ የሚመስል ነጠብጣብ።
- ዋይት ባላንስ፦ ነጩ ነገር በየትኛውም መብራት ሥር ነጭ እንዲሆን ቀለም ማስተካከያ።
- ባክላይት፦ ከሚነሳው ሰው ኋላ ሆኖ ወደ ካሜራው የሚመጣ ብርሃን።
- ሪፍሌክተር፦ ብርሃንን መልሶ ጥላ ወዳለበት ጎን የሚልክ ነጭ ወይም አብረቅራቂ ገጽ።
- ሶፍትቦክስ፦ መብራትን በሰፊ ነጭ ጨርቅ አሳልፎ የጥላን ጠርዝ የሚያለሰልስ።
- ሮው፦ ካሜራው ቀለሙንና ንጣቱን ሳይወስንበት የሚያስቀምጠው የሴንሰሩ ጥሬ መረጃ።
- ሩል ኦፍ ሰርድስ፦ ፎቶውን ለ9 ከፍሎ ዋናውን ነገር መስመሮቹ በሚገናኙበት ማድረግ።

በስም ካርታው ላይ ቃሉን በግዕዝ ፊደል በትልቁ፣ ከሥሩ ደግሞ በካሜራው ላይ የሚታየውን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በትንሹ አስገቡ። የካሜራው ሜኑ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው ሁለቱን አብሮ ማየት አለበት። የአፐርቸርና የሸተር ስም ካርታዎች ላይ በካሜራው የሚዞር መምረጫ ላይ ያለውን ፊደል ጨምሩ፤ ካኖን ላይ አፐርቸርን በእጅ መምረጫው «ኤቪ»፣ ሸተርን በእጅ መምረጫው «ቲቪ» ነው፤ ኒኮንና ሶኒ ላይ «ኤ» እና «ኤስ» ናቸው። ጀማሪ «ቲቪ» የሚለውን አይቶ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኛ ይመስለዋል፤ ጊዜን የሚመለከት መሆኑን ካርታው ላይ ካየ ግን አይረሳውም።

3. የምስል ካርታዎቹን ፎቶ አንሱ።

ሥራው ያለው እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ። ሕጉ፦ በአንድ ካርታ ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን፣ በሁለቱ መካከል የሚለወጠው ካርታው የሚያስተምረው ነገር ብቻ። ካሜራው ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ደመና መጥቶ ብርሃኑ ከተለወጠ፣ ተማሪው የትኛውን ልዩነት ማየት እንዳለበት አያውቅም። ከኢንተርኔት ፎቶ አትውሰዱ፤ የሰው ንብረት መሆኑ ሳያንስ በምን ቁጥር እንደተነሳም ማወቅ አትችሉም።

አፐርቸር። ለዚህኛው ፎቶ አያስፈልግም፤ ክብ ሣሉ። ኤፍ የሚባለው ቁጥር የሚገኘው ፎካል ሌንግዙን ለቀዳዳው ስፋት በማካፈል ነው። ለ50 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፍ 2.8 ላይ ቀዳዳው 18 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ኤፍ 5.6 ላይ 9፣ ኤፍ 16 ላይ 3 ብቻ። ሦስቱን ክቦች በትክክለኛ መጠናቸው ካርታው ላይ ደርድሩና ቁጥራቸውን ከሥራቸው ጻፉ። «ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ለምን ይጠባል?» የሚለው የጀማሪ ሁሉ ጥያቄ በዚህ አንድ ካርታ ይመለሳል፤ ማካፈያው ሲያድግ ድርሻው እንደሚያንስ ነው።

ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ። 5 ሲኒ ረከቦት ላይ ወደ ኋላ ደርድሩ፤ ፊተኛው ሲኒ ከንፈር ላይ ፎከስ አድርጉ። አንዱን በኤፍ 2.8፣ ሌላውን በኤፍ 11 አንሱ፤ ንጣቱ እንዳይለወጥ 4 እርምጃ በሸተሩ መልሱ (ለምሳሌ ከ1/250 ሰከንድ ወደ 1/15)፤ አንድ እርምጃ ንጣቱን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ብዙ ጊዜ እስከ ኤፍ 2.8 አይከፈትም። እንዲያ ከሆነ ዙሙን እስከ መጨረሻው ሳቡና ወደ ሲኒው ጠጋ በሉ፤ ቅርበት ራሱ ጥልቀቱን ያሳጥረዋል።

ሸተር ስፒድ። ቡና ከጀበና ወደ ሲኒ ሲቀዳ። በ1/1000 ሲነሳ የሚወርደው ቡና ተቆራርጦ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይታያል፤ በ1/15 አንድ ለስላሳ ክር ይሆናል። ከኋላ ነጭ ጨርቅ ስቀሉ፤ ጥቁር ቡና በጥቁር ጀበና ላይ አይለይም። በመስኮት ብርሃን አንሱት እንጂ በአምፖል አይሁን፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በፈጣን ሸተር አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሲል ይያዝና ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይጋደማል፣ ወይም አንዱ ፎቶ ከሌላው ይጠቁራል። ከ1/15 ወደ 1/1000 ያለው 6 እርምጃ ነው። አፐርቸሩን ሳትነኩ በአይኤስኦ መልሱት፣ ከ100 ወደ 6400። ነጠብጣቡ በዚህች ትንሽ ካርታ ላይ አይታይም፣ አያሳስባችሁ።

ኖይዝ። በዚያው ምክንያት የኖይዙ ካርታ ሙሉ ፎቶ ሊሆን አይችልም። በአይኤስኦ 100 እና በ6400 የተነሱትን ሁለት ፎቶዎች ውሰዱ፤ ከእያንዳንዳቸው ጥላ ካለበት ቦታ ከ250 ፒክስል የማይበልጥ ስፋት ቆርጣችሁ አስፉት። ካሜራው ነጠብጣቡን በራሱ እንዳያጠፋው የኖይዝ ማጥፊያውን ዝጉ።

ዋይት ባላንስ። ነጭ ነጠላ በቢጫ አምፖል ሥር ዘርጉ። መጀመሪያ ካሜራውን የፀሐይ ምልክት ላይ፣ ቀጥሎ የአምፖል ምልክት ላይ አድርጋችሁ አንሱ። የመጀመሪያው ብርቱካናማ ይወጣል፤ ሁለተኛው ነጠላ ይመስላል። ነጭ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ ከተጠቀማችሁ ልዩነቱ ተገላቢጦሽ ይሆንና ያደናግራል።

ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን። እዚህም ነጠላ ያስፈልጋል፤ ሙሉ ነጭ የለበሰ ሰው ፍሬሙን ሞልቶ ይቁም። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ስለሚሞክር ነጩን ያጠቁረዋል፣ ፊትም አብሮ ይጨልማል። ሁለተኛውን በ+1 አንሱ። በዓል ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የሚያስፈልገው ካርታ ይህ ነው።

ፓኒንግ። ባጃጅ ከጎን ሲያልፍ በ1/30፣ ወገባችሁን እያዞራችሁ። አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ ሞክራችሁ አንድ ቢሳካ ጥሩ ነው። ከጎኑ የምታስቀምጡት ፎቶ በዚያው 1/30 ካሜራው ሳይዞር የተነሳው ይሁን።

ሞሽን ብለርና ፎከስ። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ አንሱ። ለሞሽን ብለሩ ሰውየው እጁን እያወዛወዘ 1/15፤ ፊቱ ጥርት ብሎ እጁ ብቻ ዱካ ይተው። ለፎከሱ ሰውየው ቆሞ ፎከሱ ከኋላው ግድግዳ ላይ ይረፍ። ተማሪው ሁለቱን የሚለየው በአንድ ምልክት ነው፦ እንቅስቃሴ ከሆነ ብዥታው አቅጣጫ አለው፤ ፎከስ ከሆነ ሌላ ቦታ ጥርት ያለ ነገር ይገኛል።

ፎካል ሌንግዝ። ከአንድ ቦታ ሳትንቀሳቀሱ በ18 እና በ55 አንሱ። ከተጠጋችሁ የፊት ቅርጽም ይለወጣል፤ እሱ የርቀት ሥራ ነው እንጂ የሌንሱ አይደለም።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ለሶፍትቦክስ የጥላውን ጠርዝ ግድግዳ ላይ አሳዩ። ለሪፍሌክተር ነጭ ካርቶኑን ከፊት ጥላ ጎን ያዙና አንሱ፣ ከዚያ አስወግዱ። ባክላይት መስኮት ፊት ለፊት ይሠራል። ለሮው ሰማዩ የነጣ ፎቶ በሮውና በጄፔግ (ካሜራው ራሱ አሰናድቶ በሚያስቀምጠው የተለመደ ፋይል) አብራችሁ አስቀምጡና ሁለቱንም በእኩል መጠን አጠቁሩ፤ በሮው ደመናው ይመለሳል፣ በጄፔግ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

4. ገጹን አሰናዱ።

የአንዱ ካርታ መጠን 63 በ88 ሚሊሜትር ይሁን፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 744 በ1039 ፒክስል ነው። በኤ4 ላይ 3 በ3 ስትደረድሩ በግራና በቀኝ 10.5፣ ከላይና ከታች 16.5 ሚሊሜትር ይተርፋል። የስም ካርታ ጠርዝ ሰማያዊ፣ የሥራ አረንጓዴ፣ የምስል ቢጫ አድርጉ፤ ተጫዋቹ እጁን አይቶ የትኛው ዓይነት እንደጎደለው ወዲያው ያውቃል። የጀርባው ቀለም ግን ለ54ቱም አንድ ይሁን።

ስሙን በ20 ነጥብ የፊደል መጠን፣ ሥራውን ከ11 ነጥብ ባላነሰ ጻፉ። «ጩ»፣ «ሒ»፣ «ጴ» የመሳሰሉት ፊደላት ከዚያ ሲያንሱ በቀለም ይደፈናሉ።

5. የቁጥር ካርታዎቹን ሥሩ።

እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ ይታተማል፤ በማዕዘኑ ላይ የብርሃን ነጥቡን በትንሹ ጻፉ።

- አፐርቸር፦ 16 (0 ነጥብ)፣ 11 (1)፣ 8 (2)፣ 5.6 (3)፣ 4 (4)፣ 2.8 (5)
- ሸተር፦ 1/1000 (0)፣ 1/500 (1)፣ 1/250 (2)፣ 1/125 (3)፣ 1/60 (4)፣ 1/30 (5)
- አይኤስኦ፦ 100 (0)፣ 200 (1)፣ 400 (2)፣ 800 (3)፣ 1600 (4)፣ 3200 (5)

አንድ ነጥብ አንድ እርምጃ ነው፤ ንጣቱን በእጥፍ ይጨምራል ወይም በግማሽ ይቀንሳል። ነጥቡ ለምን እንዳስፈለገ ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ታዩታላችሁ። የእነዚህን ጀርባ ከቃል ካርታዎቹ በተለየ ቀለም አድርጉ፤ ሁለቱ ጥቅሎች ከተደባለቁ መለየቱ ቀላል ይሆናል።

6. አትሙ።

ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ፣ ፎንቱን አካታችሁ ለማተሚያ ቤቱ ስጡ። በሌላ መልክ ከሰጣችሁ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ወደ አራት ማዕዘን ሳጥን ይለወጣል፤ ሠራተኛው አማርኛ ካላነበበው ደግሞ እንዲሁ ታትሞ ይወጣል። መጠኑ 100 ከመቶ ይሁን በሉ፤ «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» የሚለው ከተመረጠ ካርታው ያንሳል፣ የአፐርቸሩ ክቦችም ትክክለኛ መጠናቸውን ያጣሉ። መጀመሪያ አንድ ወረቀት ብቻ አሳትሙና 88 ሚሊሜትሩን በማስመሪያ ለኩ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮት አንሱት፤ የፊቱ ጽሑፍ ከጀርባ በኩል ከታየ ወረቀቱ ቀጭን ነው፣ ጨዋታው ይበላሻል።

የፊትና የጀርባው ኅትመት በአንድ ሁለት ሚሊሜትር መዛነፉ የተለመደ ነው። ለዚህ ነው ጀርባው ላይ ጠርዝ የሌለው ወጥ ቀለም የሚሻለው፤ ጠርዝ ካለው መዛነፉ ያጋልጠዋል፣ ተጫዋቾችም ካርታውን ከጀርባው መለየት ይጀምራሉ።

ላሚኔት ማድረግ ከፈለጋችሁ የማያብረቀርቀውን ጠይቁ። የሚያብረቀርቀው ከመብራት ሥር ፎቶውን ይሸፍነዋል፤ ሲበወዝም ያንሸራትታል። በቀለም ርጭት ፕሪንተር የታተመ ከሆነ ቢያንስ አንድ ቀን ይድረቅ፤ እርጥቡ ላሚኔት ሲደረግ ቀለሙ ይፈስሳል።

7. ቁረጡ።

ረጃጅሞቹን መስመሮች አስቀድማችሁ፣ አጫጭሮቹን ኋላ። ወፍራም ወረቀት በአንድ ጉልበት አይቆረጥም፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ ምላጩን አሳልፉ። ስትጫኑት ምላጩ ከማስመሪያው ይርቅና ካርታው ይጣመማል። ማዕዘኖቹን አክብቡ፤ ሹል ማዕዘን በጥቂት ጊዜ ይታጠፍና ካርታው ከጀርባው ይታወቃል። 11ኛውን ወረቀት ጀርባውን ብቻ አሳትማችሁ 9 ባዶ ካርታ ቁረጡ፤ ካርታ ሲጠፋ በእጅ ጽፋችሁ ትተካላችሁ።

8. ፈትሹ።

54ቱን በሦስት በሦስት ደርድሩ፣ 18 ቡድን መሆኑን ቁጠሩ። ከዚያ ፎቶ የሚያውቅ፣ በሥራው ያልነበረ ሰው ጥሩና የምስል ካርታዎቹን ብቻ አሳዩት። ከ18ቱ የሳተው ካለ ፎቶው ድጋሚ ይነሳ። በተለይ አፐርቸርን ከዴፕዝ ኦፍ ፊልድ፣ ሸተርን ከሞሽን ብለር የሚያምታታ ከሆነ ጥፋቱ የካርታው ነው።

አንደኛው ጨዋታ፦ ሦስቱን አገናኝ (ከ3 እስከ 5 ሰው)

1. 54ቱን በውዙና ለእያንዳንዱ 6 ካርታ አድሉ። የቀረውን መሐል ላይ በጀርባው አስቀምጡ፣ የላይኛውን ግለጡ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ካሜራ ይቀመጥ።

2. ተራው የደረሰ ሰው ከክምሩ ወይም ከተጣለው አንድ ይስባል፣ አንድ ይጥላል።

3. የአንድ ቃል ስም፣ ሥራና ምስል የያዘ ሰው በተራው ያወርዳቸዋል። ሲያወርድ ምስሉን እያሳየ በራሱ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ የሥራ ካርታውን ማንበብ አይቆጠርም። ለምሳሌ፦ «እዚህ ኋላ ያሉት ሲኒዎች የጠፉት ጥልቀቱ ስላጠረ ነው፣ ፎከሱ ፊተኛው ላይ ነው»። ካላስረዳ ሦስቱን ወደ እጁ ይመልሳል። ይህን ደንብ አትዝለሉት፤ ጨዋታው የሚያስተምረው እዚህ ላይ ነው።

4. ካወረደ በኋላ ሌላ ተጫዋች «አሳየን» ማለት ይችላል። ያወረደው ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያ ነገር በካሜራው ላይ የሚለወጥበትን ወይም የሚታይበትን ቦታ ያሳያል። ካሳየ 1 ተጨማሪ ነጥብ አለው። ለሪፍሌክተር፣ ለሶፍትቦክስና ለባክላይት በካሜራ ፈንታ በክፍሉ ውስጥ ካለው መስኮት ወይም መብራት ጋር ያሳይ።

5. እጁ ባዶ የሆነ ሰው ሲኖር ዙሩ ያልቃል። ለእያንዳንዱ የወረደ ሦስትዮሽ 3 ነጥብ፣ እጅ ላይ ለቀረ ካርታ 1 ይቀነሳል። ክምሩ ካለቀ ከተጣሉት የላይኛውን ትታችሁ ሌላውን በውዙ።

ሁለተኛው ጨዋታ፦ ሚዛን (ከ2 እስከ 4 ሰው)

ይህ የሚጀመረው የመጀመሪያውን በደንብ ከለመዱት በኋላ ነው። የቁጥር ካርታዎቹን ብቻ ነው የምትጠቀሙት።

1. ከ36ቱ ኤፍ 8፣ 1/125 እና አይኤስኦ 400 አውጥታችሁ ጎን ለጎን ግለጡ። የብርሃን ነጥባቸው 2፣ 3 እና 2፣ ድምሩ 7 ነው። የቀሩትን በውዙና ለእያንዳንዱ 6 አድሉ።

2. ተራው የደረሰ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ካርታ በየዓይነታቸው ላይ ይጥላል፤ ከጣለ በኋላ ከላይ የሚታዩት ሦስቱ ድምር ተመልሶ 7 መሆን አለበት። ኤፍ 4 እና 1/500 ቢጥል 4፣ 1 እና 2 ስለሚሆን ልክ ነው። ያው ቁጥር በያው ቁጥር ላይ አይጣልም።

3. ሲጥል ያተረፈውንና የከፈለውን ይናገር። «ቀዳዳውን በሁለት እርምጃ ከፈትኩ፣ ብርሃኑ አራት እጥፍ ሆነ፤ ሸተሩን አፈጠንኩና መለስኩት። ሩጫውን ያዝኩ፣ ጀርባውን አጣሁ።» አይኤስኦ ከፍ ያደረገ ሰው ስለ ኖይዝ መናገር አለበት፤ አይኤስኦ ብርሃን አያስገባም፣ የገባውን ያጎላል እንጂ።

4. መጣል ያልቻለ አንድ ይስባል፤ አሁንም ካልቻለ ያልፋል። ክምሩ ካለቀ ከላይ የሚታዩትን ሦስቱን ትታችሁ ከሥራቸው ያሉትን በውዙ። ቀድሞ የጨረሰ አሸናፊ ነው።

ሲለምዱት ድምሩን ለውጡ። 7 ከባድ ደመና ያለበትን ቀን ይጠጋል። 3 ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ኤፍ 16፣ 1/125፣ አይኤስኦ 100 ደምራችሁ እዩት። 12 ደግሞ ማታ በመብራት የተቀመጣችሁበት ቤት ነው። መነሻውን ሦስት ካርታ ከድምሩ ጋር አስማሙና ሁኔታ ጨምሩበት፦ «ጥምቀት ላይ የሚጨፍሩ ልጆች፣ ድምር 3፣ ሸተር ከ1/500 አይዘግይ» ወይም «ቤት ውስጥ፣ ትራይፖድ ሳይኖር፣ ድምር 12፣ ሸተር ከ1/60 አይዘግይ»። በሁለተኛው ተጫዋቾቹ አፐርቸሩን ከመክፈትና አይኤስኦውን ከፍ ከማድረግ ሌላ መውጫ ያጣሉ፤ ቤት ውስጥ የሚነሳ ፎቶ ለምን ነጠብጣብ እንደሚበዛበት ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- ቃሉን በየካርታው በተለያየ አጻጻፍ መጻፍ። አንዱ ላይ «ሸተር»፣ ሌላው ላይ «ሻተር» ከሆነ ተማሪው ሁለት ቃል ይመስለዋል። አንዱን ምረጡና በሁሉም ላይ እሱን ጻፉ።
- 18ቱንም በመጀመሪያው ቀን ማስገባት። ለፍጹም ጀማሪ በ9 ቃል፣ 27 ካርታ ጀምሩ፤ ለእያንዳንዱ 6 ካርታ አድሉና ለሦስት ሰው ብቻ። የመጀመሪያዎቹ 9 ውስጥ አፐርቸር፣ ሸተር፣ አይኤስኦና አራቱ የ«ደበዘዘ» ቃላት ይኑሩ።
- በስልክ «አሳየን» ማለት። አብዛኞቹ ስልኮች አፐርቸራቸው አይለወጥም። ካሜራ ከሌላችሁ በስልኩ የፕሮ ሞድ ላይ ሸተር፣ አይኤስኦና ዋይት ባላንስ ብቻ ጠይቁ።
- በሚዛን ጨዋታ ነጥቡን ብቻ መደመር። ተጫዋቹ ሒሳቡን ሠርቶ ዝም ካለ የተማረው መደመር ነው። ካልተናገረ ካርታዎቹን መልሱለት።

ማስጠንቀቂያ

- ጨርቅ በጋለ አምፖል ላይ አታልብሱ፤ ይቃጠላል። ለሶፍትቦክሱ ፎቶ ነጠላውን ከአምፖሉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር አርቃችሁ ስቀሉ።
- ባክላይት ስታነሱ ፀሐይን በካሜራው የመስታወት መመልከቻ በቀጥታ አትመልከቱ፤ ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ ዓይን ይጎዳል።
- ፓኒንግ የሚነሳው ከእግረኛ መንገድ ነው። የሚያነሳው ሰው ዓይኑ ካሜራው ላይ ስለሆነ ሌላ ሰው አጠገቡ ቆሞ መንገዱን ይይ።
- ፊቱ የሚታይን ሰው አስፈቅዱ፤ ልጅ ከሆነ ወላጁን።
- መቁረጡን ለልጆች አትስጡ። ምላጩን ሁልጊዜ ማስመሪያውን ከያዘው እጃችሁ በሚርቅ አቅጣጫ ሳቡ፤ የደነዘዘውንም ቶሎ ለውጡ፤ በደነዘዘ ምላጭ ጉልበት ስለሚጨመር እጅ የሚቆረጠው ያን ጊዜ ነው።

ከጨዋታ በኋላ ካርታዎቹን በጎማ አትሰሩ፤ ጠርዛቸውን ይበላዋል። 63 በ88 የምትይዝ ትንሽ የካርቶን ሳጥን ሥሩላቸውና የቃሉንና የቁጥሩን ጥቅል በየራሳቸው አስቀምጡ።